«ቤታቸው» ቦሌ ነው እንዴ?

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ጅዳ በረራ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። «ወገኖቻችን ከጅዳ ተነስተው በ2 ሰዓት ቤታቸው ይገባሉ» ይላል። ሌላው ሌላው ይቅር፤ እኔ የያዝኩት አንዲት ቃል ነው። «ቤታቸው»። የማን ቤት?

ጥፋቴን ላስቀድም። ዘገባውን ጮክ ብዬ ያነበብኩት እናቴ እየሰማች ነው። እህቴ ሐሙስ ከጅዳ እንደምትመጣ ደውላ ነበርና እናቴ «በ2 ሰዓት» ሲባል የምሽቱ 2 ሰዓት መሰላት። ሐሙስ ማታ ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ቡና ቆልታ ጠበቀች። 2 ሰዓት ሆነ፣ 3 ሆነ። «ምነው ልጄ፣ ጋዜጣው ዋሸ እንዴ?» አለችኝ። አልዋሸም እማ፣ ቤትሽን ስለማያውቀው ነው ልላት ፈልጌ ተውኩት።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንየው። አዲስ አበባና ጅዳ በአየር 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። 2 ሰዓት፣ ቢበዛ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። እዚህ ላይ አልጣላችሁም። ግን ካርታ ዘርጉ። ጅዳ ያለችው ከአዲስ አበባ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው። በሁለቱ መሃል ማስመሪያ ብታስቀምጡ መስመሩ ወሎን ሰንጥቆ፣ በላሊበላ አጠገብ ነው የሚያልፈው። አውሮፕላኑ እንደ ማስመሪያው ከሄደ፣ የወሎ ልጅ በአገሩ አናት ላይ አልፎ ቦሌ ይወርዳል ማለት ነው። ከዚያ የመጣበትን አቅጣጫ ይዞ 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ወደ ደሴ ይመለሳል። በአየር ቢሆን እኮ ከ250 ብዙም አይበልጥም!

«ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ አላችሁ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለን፣ ለአገር ውስጥ። ከቦሌ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። እህቴ ግን የደረሰችው ሌሊት ነው። ትኬቱም ሌላ ወጪ ነው።

እናም በአውቶቡስ መጣች። ጣርማ በር ላይ በብርድ ተንቀጠቀጠች። ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ጃኬቷን አውልቃ ጭኗ ላይ አደረገች። ከሚሴን፣ ሐርቡን በላብ አለፈቻቸው። ደሴ መግቢያ ላይ ያለውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ሲወጡ ጃኬቱ ተመልሶ ተለበሰ። በገመድ የታሰረው ካርቶኗ ላይ በእስክርቢቶ «ደሴ» ብላ በትልቁ ጽፋለች። ያቺ ልጅ እንኳ ቤቷ የት እንደሆነ ካርቶን ላይ መጻፍ አላቃታትም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ገባች። አቦሉ ሳይቀዳ ተቀምጣ እንዳለች እንቅልፍ ጣላት። ጫማዋን ያወለቅኩላት እኔ ነኝ።

በርግጥ ዘጋቢያችሁ ቤቱ ቦሌ ከሆነ 2 ሰዓት ሊበቃው ይችላል፤ ያውም ትራፊክ ካልያዘው።

እርማት ብታወጡ ሥራው ቀላል ነው። «ቤታቸው» የሚለው ይሰረዝና «ቦሌ» ይግባ። እናቴ እንደሆነች ከእንግዲህ ሰዓት አትጠይቀኝም። «ሐረጎን አልፋለች ወይ?» ብቻ ነው የምትለው።

አንባቢያችሁ፣
ከደሴ