የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ዩፒኤሱ አልተበላሸም፣ ባትሪው ነው ያለቀው

እንደምታውቁት የኛ ክበብ መድረክ ላይ የሚታይ ነገር የለውም። ድራማ ክበብ ድራማ ያቀርባል፣ ሚኒ ሚዲያ በየጠዋቱ ይሰማል፣ ስፖርቱም ዋንጫ ይዞ ይመጣል፣ እኛ ግን ከኮምፒውተር ላቡ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ካቻቢቴ ይዘን ሳጥን ስንፈታ ነው የምንታየው፣ ስለዚ "ይሄ ክበብ ግን ምንድነው የሚሰራው?" የሚለው ጥያቄ በመምህራን ማረፊያም በወላጅ ስብሰባም ይደርሰኛል። እስቲ ዘንድሮ የሰራነውን ልንገራችሁና ራሳችሁ ፍረዱ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ያው እንደ ሁሉም ክበብ ነው የሄደው። ምዝገባ፣ የኮሚቴ ምርጫ፣ የዓመት እቅድ፣ ምናምን። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ፣ የፈለገ ያንብበው።

ዋናው ስራ የተጀመረው ርዕስ ስንመርጥ ነው። ልጆቹ ሮቦት ሮቦት ሲሉ ነበር፣ እኔም አልጠላሁትም፣ ግን በምን እቃ? ከዛ ከመሃል አንዱ "ለምን ዩፒኤሶቹን አናያቸውም" አለ። ዩፒኤስ ማለት መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን ነው። የኮምፒውተር ላባችንን የሚያውቅ ነገሩ ይገባዋል። መብራት ሲጠፋ ግማሹ ኮምፒውተር ከነተማሪው ስራ ድርግም ይላል፣ ያውም ስሩ ዩፒኤስ ተቀምጦ። ዩፒኤሱ አንዴ ጢጥ ይልና እሱም አብሮ ይጠፋል። ከዛ "ብልሽት" የሚል ወረቀት ይለጠፍበትና ስቶር ይገባል፣ አዲስ ይጠየቃል፣ አዲሱ እስኪመጣ ኮምፒውተሩ በቀጥታ ከግድግዳው ላይ ይሰካል፣ አዲሱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንኑ መንገድ ይዞ ስቶር ይገባል። ስቶራችን ውስጥ ተደርድረው አቧራ የጠጡትን ያየ ሰው ምን ያህል ገንዘብ እንደቆመ ይረዳል። የንብረት ክፍሉን አሳምኖ ማስወጣቱ ራሱ አንድ ፕሮጀክት ነበር፣ በመጨረሻ ግን ፈርመን ወሰድን።

ሳጥኑ ከመፈታቱ በፊት ምን እንደሚሰራ ማወቅ ነበረባቸው። የኛ ላብ ውስጥ ያሉት አይነቶች ውስጣቸው ብዙም የተወሳሰበ አይደለም፣ ባትሪ፣ ባትሪውን የሚሞላ ቻርጀር፣ የባትሪውን 12 ቮልት ዲሲ እንደ ግድግዳው መብራት ወዳለ ኤሲ የሚቀይር ኢንቨርተር፣ እና ኮምፒውተሩ ከመስመሩ ይውሰድ ወይስ ከኢንቨርተሩ የሚለውን የሚቀይር ሪሌይ ነው ያለው። መብራት ሲኖር ኮምፒውተሩ የሚጠቀመው የመስመሩን ነው፣ ባትሪው 13.5 እስከ 13.8 ቮልት አካባቢ ላይ ተይዞ ሙሉ ሆኖ ይጠብቃል። መብራት ሲሄድ ሪሌዩ ጠቅ ይላል፣ ሞስፌት የሚባሉት ትራንዚስተሮች የባትሪውን ከረንት እያገላበጡ ወደ ትራንስፎርመሩ ይልኩታል፣ ትራንስፎርመሩ ወደ 220 ቮልት ያወጣዋል፣ ኮምፒውተሩም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

እዚ ጋር አንድ ጥሩ ጥያቄ ተነሳ። ሪሌይ እኮ በእጅ እንደሚቀየር ማብሪያ ከአንዱ ለቆ ወደ ሌላው እስኪደርስ ባዶ የሆነ ጊዜ አለው፣ ታዲያ ኮምፒውተሩ ለምን አይጠፋም? መልሱ ዩፒኤሱ ውስጥ ብቻ አይደለም። ይሄ አይነቱ ዩፒኤስ ለመቀየር አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፣ የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትልቅ ካፓሲተር ስላለው በሙሉ ጭነት እንኳን 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ራሱን ይችላል፣ ጭነቱ ሲቀንስ ከዛም በላይ። በ50 ኸርዝ መስመር አንድ ሳይክል 20 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ክፍተቱ በሙሉ ከአንድ ሳይክል ያነሰ ነው። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ሰክተን ስንሞክረው ብልጭ ሲል በአይናችን አየን፣ ኮምፒውተሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

አንዳንዴ መብራት ሳይጠፋም ጠቅ ጠቅ የሚለው ለምን እንደሆነም አብረን ፈታነው፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ወይም ሲወጣ ባትሪውን ሳይነካ ትራንስፎርመሩ ላይ ወዳለ ሌላ ታፕ (ከጥቅልሉ መሃል የሚወጣ መውጫ) እየቀየረ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚ የሚያንኳኳ ዩፒኤስ ያለው ሰው ተበላሸ ብሎ እንዳይነቅለው፣ ስራውን እየሰራ ነው፣ ሊታይ የሚገባው የተሰካበት መስመር ነው። ከኢንቨርተሩ የሚወጣው ኤሲ በነዚህ ርካሽ ሞዴሎች ንጹህ ሳይን ዌቭ እንዳልሆነ፣ ደረጃ ደረጃ ያለው ሞገድ እንደሆነ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቾክ ስያለሁ፣ የሞገዱን ቅርጽ በስክሪን በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ባሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር ግን ትምህርት ቤታችን ኦሲሎስኮፕ የለውም፣ ስለዚ ቬንትሌተር ሰክተን ሲያጉረመርም ነው የሰሙት። ከመስመሩ ሲሰካ ዝም፣ ከባትሪ ሲሆን ጉርምርም። እሱም ትምህርት ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ።

ከስቶር ካወጣናቸው አብዛኞቹ መብራት ላይ ሲሰኩ አረንጓዴ ያበራሉ፣ "ሙሉ" ነኝ ይላሉ። መስመሩን ስትነቅለው ድርግም። ልጆቹ ባትሪውን አውጥተው በመልቲሜትር ለኩት፣ 12.5 ቮልት። ጥሩ ቁጥር ነው፣ አንድ ደህና ባትሪ ቁጭ ብሎ ሊያሳይ የሚችለው ማለት ነው። ስለዚ ክርክር ተጀመረ፣ "ባትሪው ደህና ነው፣ ቦርዱ ነው የተቃጠለው" የሚለው ቡድን በዛ፣ ትልልቆቹ የ11ኛ ክፍል ልጆችም እዛ ውስጥ ነበሩ፣ አንደኛው እንደውም ቦርዱን ሊነቅል ብየዳ መሳሪያውን አሙቆ ጨርሷል።

ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ አለች። ስሟን አልጠራም፣ አታስጠሩኝ ብላለች። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን የሰማሁት ስም ስጠራ "አቤት" ስትል ብቻ ነው። እጇን እንኳን ሳታወጣ ቀስ ብላ "ቲቸር፣ ምንም ሳይሸከም ነው እኮ የለካነው" አለች። ክፍሉ አልሰማትም፣ እኔ ሰማኋት። "እሺ ምን እናሸክመው?" ስላት ስቶር ውስጥ ያየቻትን የመኪና ግንባር አምፖል አመጣች፣ 12 ቮልት 55 ዋት የምትል። ሽቦ አስራ፣ የመልቲሜትሩን ጫፎች የባትሪው እግር ላይ አድርጋ አምፖሏን አገናኘች። ቁጥሩ ከ12.5 ተነስቶ 11፣ 9፣ 7 እያለ ወረደ፣ አምፖሏ ቀይ ክር ብቻ ሆነች። አነሳችው፣ ቁጥሩ ተመልሶ ከ12 በላይ ወጣ። ደገመችው፣ ያው። ከዛ አዲስ ከተገዛ ዩፒኤስ ባትሪ አውጥተን በዛው አምፖል ሞከርነው፣ ከ12 ብዙም ፈቅ ሳይል አምፖሏን አይን በሚወጋ ብርሃን አበራት።

"ቮልት አለው፣ ጉልበት የለውም" አለች። አለቀ። የኔን ግማሽ ክፍለ ጊዜ የሚፈጀውን የውስጥ ሬዚስታንስ ትምህርት በአራት ቃል ጨረሰችው፣ ያ ብየዳ ያሞቀው ልጅም ሶኬቱን ሄዶ ነቀለ። ሃያ ዓመት ያስተማረ መምህርም እንዲህ አይነት ቀን ብዙ አያጋጥመውም፣ እኔም ሰሌዳ ማጥፋት አስመስዬ ዞርኩ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ በአብዛኛው የታሸገ የሊድ አሲድ ባትሪ ነው፣ ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ በ1859 ከሰራው የመጣ አሮጌ ቴክኖሎጂ፣ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት ገደማ የሆኑ ስድስት ሴሎች ተያይዘው 12 ይሰጣሉ። ሲያረጅ የውስጡ ፍርግርግ ይበላል፣ ውሃው ይደርቃል፣ ባዶ ሆኖ ስቶር ሲቀመጥ ደግሞ ሊድ ሰልፌት የባትሪው የሊድ ዝርግ ብረቶች ላይ ይደድራል። ሳይነካ ሲለካ ቮልቱ አለ፣ ከረንት ስትጠይቀው ግን ቮልቱን ውስጡ ይጨርሰዋል። እድሜው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፣ ያውም 25 ዲግሪ አካባቢ ከተቀመጠ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ይሄን ስታውቁ ላቡ ውስጥ መስኮት ስር ፀሃይ ላይ የተቀመጡት ለምን ቀድመው እንደሞቱ ይገባችኋል። አንዳንዶቹ ባትሪዎች አብጠው ስለነበር በዩፒኤሱ የባትሪ መክፈቻ በኩል አልወጡም፣ ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ ፈተን ነው ያወጣናቸው።

ሌላው ልጆቹ የደረሱበት ነገር "ስንት ደቂቃ ይቆያል" የሚለው ሂሳብ ነው። ባትሪው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ከሆነ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ነው፣ 200 ዋት ለሚበላ ኮምፒውተርና ሞኒተር ሲካፈል 25 ደቂቃ ይወጣል። በተግባር 10 ደቂቃ ከቆየ ጥሩ ነው። ለምን ቢባል 7 የተባለው በ20 ሰዓት ቀስ ተብሎ ሲወሰድ ነው፣ ማለትም 0.35 አምፔር፣ እኛ ግን ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ተጨምሮ ወደ 20 አምፔር ነው የምንጎትተው፣ እንዲህ ሲጎተት ሙሉውን አይሰጥም። ሳጥኑ ላይ 650 ቪኤ ተብሎ የተጻፈውም 650 ዋት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ 360 ወይም 390 ዋት ነው። ስለዚ ዩፒኤስ ሴቭ አድርጎ በስርዓቱ ለማጥፋት ነው፣ መብራት ጠፍቶ ፊልም ለመጨረስ አይደለም።

ጉብኝትም አድርገናል፣ አንድ ተቋም የሰርቨር ክፍሉን ከፍቶልን ነበር፣ ለፈቀዱልን ሁሉ ምስጋና ይድረሳቸው። እዛ ያለው ኦንላይን የሚባለው አይነት ነው። መብራት ኖረም አልኖረም ኤሲውን መጀመሪያ ወደ ዲሲ፣ ከዛ መልሶ ወደ ኤሲ ስለሚቀይር የሚቀያየር ሪሌይ የለም፣ ክፍተቱም ዜሮ ነው። ቴክኒሻኑ ብሬከሩን ሲያወርደው ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ፣ ምንም አልሆነም፣ ማንቂያው ብቻ ጮኸ፣ ትንሽ ቆይቶ ጄኔሬተሩ ተነሳ። አንዱ "እና ይሄ ሁሉ ባትሪ ይቺን ለምታክል ጊዜ ነው?" ብሎ ቴክኒሻኑን አሳቀው። አዎ፣ ለዛች ነው። ትራንስፖርቱን ግን ከኪሳችን አዋጥተን እንደሄድን ሳልናገር አላልፍም።

ያልተሳካም አለ። አንዱ መልቲሜትር አምፔር ላይ ተደርጎ ቮልት ሲለካበት ፊውዙ ሄደ፣ እስካሁን አልተተካም። ክፍሉም ለፈተና ስለተፈለገ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶብን አንዳንድ ልጆች በዛው ቀርተዋል። የደህንነት ነገር ላሳሰባቸው ወላጆች፦ ሳጥን የሚከፈተው እኔ ባለሁበት ብቻ ነው፣ ዩፒኤስ ከግድግዳ ተነቅሎም ከኋላው ያለው ሶኬት 220 ሊኖረው እንደሚችል ልጆቻችሁ አሁን ከኔ በላይ ይናገራሉ፣ ባትሪ ሲነካም ሰዓትና ቀለበት ይወልቃል፣ 12 ቮልት ነው ተብሎ አይናቅም፣ እግሮቹ በብረት ከተገናኙ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ነው የሚለቀው።

እንግዲህ ውጤቱ፦ ከስቶር ካወጣናቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሌላ ችግር የለባቸውም። ደህና ባትሪ እያቀያየርን ሞክረናቸዋል፣ ይሰራሉ። አሁን የቆሙት ባትሪ አጥተው ነው። የግዢ ክፍሉ "ባትሪ ለብቻው የሚጠየቅበት ፎርም የለም፣ ሙሉ ዩፒኤስ ጠይቁ" ብሎናል። እኔ የኢኮኖሚክስ መምህር አይደለሁም ግን አንድ ሳጥን በሙሉ ከመግዛት ባትሪውን መግዛት እንደሚቀል ለማስረዳት ኢኮኖሚክስ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ፎርም ከሌለ ፎርም ይሰራ።

ስለዚ ከወላጅ ኮሚቴውም ከአስተዳደሩም የምንጠይቀው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው፣ በተገኘው ብዛት። ቀጥሎ የመልቲሜትር ፊውዝ። ኦሲሎስኮፕ ህልም ነው፣ እሱን ለሚቀጥለው ዓመት ዘገባ አቆየዋለሁ። ልጆቹ በእያንዳንዱ ዩፒኤስ ላይ ባትሪው የገባበትን ወርና ዓመት የሚለጥፉበት ሰሌዳ አዘጋጅተዋል፣ በአምፖሏ የሚደረገውን ፈተናም በየሴሚስተሩ ራሳቸው ሊሰሩት ተስማምተዋል፣ ኃላፊዋም ያቺው የ9ኛ ክፍሏ ልጅ ናት። አሮጌዎቹን ባትሪዎች ሊድና አሲድ ስላለባቸው ከቆሻሻ ጋር እንዳይጣሉ ለይተን አስቀምጠናል፣ የሚረከብ የሪሳይክል ድርጅት የሚያውቅ ይጠቁመን።

ከሬጅስትራር ቢሮ ላላችሁት ደግሞ በፍቅር፦ ሌዘር ፕሪንተሩን ከዩፒኤሱ ላይ ንቀሉልን። ሮለሩን ሲያሞቅ በአንዴ በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ነው የሚስበው፣ ያ ረጅም ጩኸት "ከበደኝ" ማለቱ ነው፣ ባትሪ ቢገዛም በዚህ አያያዝ አይከርምም።