ለመከላከያ ሚኒስትሩ ግልጽ ደብዳቤ፦ ቅጹ ላይ ስለጎደለው ዓምድ

ክቡር ሚኒስትር፣

በሠራዊት ሎጂስቲክስ ክፍል ረጅም ዓመት አገልግዬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። በየወሩ መጨረሻ የዝግጁነት ቅጽ እንሞላ ነበር፤ የሰው ኃይል፣ ተሽከርካሪ፣ ጥይት፣ ነዳጅ። አንድ ሌሊት ጎርፍ ግምጃ ቤታችን ገብቶ የታችኛውን ረድፍ የጥይት ሣጥኖች አራሰ። ጠዋት ጭቃ ውስጥ ቆመን ቆጠርን። አንድም ሣጥን ስላልጎደለ «ሙሉ» ብለን ላክን። «ረጥቧል» ተብሎ የሚጻፍበት ዓምድ ቅጹ ላይ አልነበረም።

ቆጠራ እንዲህ ሲያታልል የእኛ የመጀመሪያው አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1980 ቴህራን የታገቱ ዜጎቿን ለማስለቀቅ ስምንት ሄሊኮፕተሮች አሰማራች፤ ለዘመቻው የግድ የሚያስፈልጉት ስድስት ነበሩ። አንዱ በብልሽት ምልክት ምክንያት በረሃ ላይ ቀረ። ሌላው አቧራ ውጦት፣ የበረራ መሣሪያዎቹም ከድተውት ወደ መርከቡ ተመለሰ። ከደረሱት ስድስቱ የአንዱ ሃይድሮሊክ ተበላሸ። ዘመቻው ተሰረዘ፤ ለመመለስ ሲነሡ በደረሰ ግጭትም ስምንት ወታደሮች ሞቱ። አቧራው ያስቀረው አንድ ሄሊኮፕተር ነው፤ የጎደለውም አንድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ደግሞ ማይክል የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳ የሚገኘውን የቲንዳል አየር ኃይል ሰፈር ሲመታ አብዛኞቹ ኤፍ-22 ተዋጊ አውሮፕላኖች ቀድመው ወጥተው ነበር። ጥገና ላይ የነበሩት መነሣት ስላልቻሉ ጣሪያቸው በተገነጣጠለ ሃንጋሮች ውስጥ ቀሩ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የሙቀቱ ጉዳይ ነው፤ ሙቀት ሰውነት ላይ የሚያሳድረውን ጫና የሚያሳየው መለኪያ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ አለና። ሦስት ቴርሞሜትሮች ናቸው፤ አንዱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ አንዱ በጥቁር ሉል ውስጥ ሆኖ ፀሐይ ላይ ይሰቀላል፣ ሦስተኛው ተራው ነው። ከውጤቱ አሥር እጅ ሰባቱን የሚወስነው እርጥቡ ነው፤ ሁለቱን ጥቁሩ፣ አንዱን ብቻ ተራው። እኔ የማውቃቸው አዛዦች የሚያዩት ተራውን ነበር፤ ያውም ካዩ። አየሩ እርጥብ ሆኖ ላብ በማይደርቅበት ቀን ተራው ቴርሞሜትር ደህና ይመስላል፤ ሙሉ ትጥቅ የተሸከመው ምልምል ግን ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ከዚያ «ደካማ» ይባላል።

«ወታደር መከራ መልመድ አለበት» የሚሉኝ አይጠፉም። እውነት ነው። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ጫናው ቀስ በቀስ ሲጨመርበት እንጂ በገባበት ቀን እስኪወድቅ በመሮጥ አይደለም።

ስለዚህ በሙቀት የተሰረዙ የሥልጠና ቀናት፣ በጎርፍ የተቆረጡ መንገዶችና የረጠቡ መጋዘኖች ወርሃዊው ቅጽ ላይ ይግቡ። የሦስቱ ቴርሞሜትሮች ውጤት ከወሰን ሲያልፍም የጤና ባለሙያው የአዛዥ ፊርማ ሳይጠብቅ ሥልጠናውን የማስቆም ሥልጣን ይኑረው።

የድሮውን ቅጽ ባዶውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የጎደለውን ዓምድ ጠርዙ ላይ በእርሳስ አስምሬበታለሁ።

ከአክብሮት ጋር