በገደሉ ውጪ፣ በእርሻው ውረጂ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ድሬዳዋ

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከዕድር ሴቶች ጋር በመስከረም ፏፏቴውን ልታዩ እንደሆነ ስትነግሪኝ «ተይ» የምልሽ መስሎሽ ነበር። አልልሽም፣ ሂጂ። ግን ከስንቁም ከልብሱም በፊት በየት በኩል እንደምትጀምሩ ቁረጡ።

ዙሩ 7 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 300 ሜትር ነው ብለሻል። በገደሉ በኩል ያለው 3 ኪሎ ሜትር አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ በእርሻው ዳር ያለው 4 ኪሎ ሜትር ረዘም ብሎ ዘንበል ይላል። ሰው ሁሉ «መጀመሪያ ሰውነታችን ይሙቅ» ብሎ በእርሻው ይወጣና በገደሉ ይወርዳል። እናንተ ገልብጡት። አቀበት የሚያደክመው ትንፋሽን ነው፤ ትንፋሽ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ቆም ሲሉ ይመለሳል። ቁልቁለት ግን የጉልበት ነው፤ በየእርምጃው ክብደትሽን ተቀብሎ የሚያቆመው የጭን ሥጋ ነው፣ እሱ ሲዝል ጉልበት ይከዳል። የዛለ ጭን ቆመሽ ስላረፍሽ ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ቀጥ ያለውን በጠዋት ጉልበት ውጡት፣ በደከመ እግር የምትወርዱት ዘንበል ያለው ይሁን። ስትወርዱም እርምጃው አጭር፣ ጉልበቱ ትንሽ እጥፍ ያለ ይሁን፤ በቀጥታ ከመውረድ ዚግዛግ መሄድ ይሻላል።

ሰዓቱን እንዲህ አስቢው። በእናንተ ዕድሜ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር፣ በዚያ ላይ ለየ50 ሜትሩ አቀበት 10 ደቂቃ ጨምሪ። በገደሉ በኩል ሁለት ሰዓት፣ ፏፏቴው ጋ 40 ደቂቃ፣ መውረጃው አንድ ሰዓት ከ20፣ በጠቅላላው አራት ሰዓት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እግራችሁ ከተነሣ 4 ሰዓት ላይ ታች ናችሁ፣ ፀሐዩም ሳይበረታ። 1 ሰዓት ተኩል ሆኖ የአቀበቱን ግማሽ ካላለፋችሁ ተመለሱ፤ እስከዚያ ድረስ የምትወርዱት ገና አጭር ነው። የመንደሩ ልጅ መንገድ ሲመራችሁ «ዲዮዳ» (በኦሮምኛ «ቅርብ ነው») ቢላችሁ በእሱ እግር ነውና ያለውን ጊዜ በሁለት አባዙት።

ጠዋት የምልሽ ለሙቀቱ ብቻ አይደለም። በመስከረም ዝናቡ ገና አልወጣም፣ ደመናውም በብዛት ከሰዓት በኋላ ነው የሚቋጠረው። ደራሽ ውኃን ለአንቺ አልነግርሽም፤ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በሐምሌ 1998 በሌሊት ያደረገውን ታውቂዋለሽ። አናታችሁ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎም በላይ በደንገጎ ተራራ በኩል ከጠቆረ ወደ ወንዙ አትውረዱ። እዚያ እያላችሁ የጠራው ውኃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ወይም ከላይ የመኪና ድምፅ የመሰለ ነገር ከሰማችሁ፣ ዕቃ ሳትሰበስቡ ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታው ውጡ። ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች መሮጥ ውኃውን መቅደም አይደለም። መሻገሪያው ከቁርጭምጭሚት በላይ ሆኖ በኃይል የሚወርድ ከሆነ አይሻገሩትም።

ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚፈጨው ዓይነት። ደረቁ እግር ይይዛል፣ እርጥቡ ሳሙና ነው። ፏፏቴው ሥር ጠቆር ያለውንና አረንጓዴ ልጋግ የለበሰውን አትርገጡ፤ ነጣ ያለውን ምረጡ። ኮንጎ ጫማ እዚያ አይሆንም። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያደረግሽው ሸራ ጫማ ይሁን፣ ጣትሽና ጫፉ መካከል አንድ የአውራ ጣት ስፋት ይኑረው፤ አለዚያ ስትወርጂ ጥፍርሽ ይጠቁራል። ጥፍርሽን ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ቁረጪ። ኩሬው ያምራል፣ ግን ረግቶ ቀንድ አውጣ የሚኖርበት ዳር ላይ ቢልሃርዝያ ስለሚኖር እግር አይነከርም።

ነጠላውን ቤት ተዪው፤ እሾህ በያዘው ቁጥር ወደ ኋላ ዘወር ማለት ሚዛን ያሳጣል። ከቀሚሱ ሥር ሱሪ፣ ራስ ላይ ሻሽና ሰፊ ባርኔጣ። ቁልቋል ዳር ስታልፉ ቅርንጫፉን አትያዙ፤ ወተቱ ዓይን ከገባ ክፉ ነው፣ ሳያሹ ሩብ ሰዓት ያህል በንጹሕ ውኃ ማጠብና ሐኪም ቤት መሄድ። ለዚህ ሲባል ከመካከላችሁ አንዷ የማይጠጣ 2 ሊትር ትያዝ። ለመጠጥ ለእያንዳንዳችሁ 2 ሊትር፣ ሳትጠሚ በየሩብ ሰዓቱ ጥቂት ጉንጭ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ ይበቃል። የሚያሸናውን የግፊት ኪኒን ግን በራስሽ አታቋርጪው፤ የዚያን ቀን በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ ሐኪምሽን አስቀድመሽ ጠይቂ። ተቀምጠሽ ስትነሺም ቶሎ ብድግ አትበይ።

ዝንጀሮ ካለ ምግብ አይታይ፣ አይወርወርም። ጎፈራሙ የእኛ አገር ዝንጀሮ የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ስዊዛዊው የእንስሳት ተመራማሪ ሃንስ ኩመር ኤረር ጎታ ተቀምጦ ያጠናው እሱን ነው። በጠዋት ከገደሉ ሲወርድ ካገኛችሁት መንገዱን ልቀቁለት፣ ፌስታላችሁን ደብቁ፣ ዓይን ለዓይን አትተያዩ።

የቀረው ዱላው ነው። ከዘራሽ ለከዚራ ሰፈር አስፋልት እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ቁመቱ አንድ ነው፣ ስትወርጂ ያጥርብሻል። ቀጥ ያለ የወይራ ዱላ ከሆነ ስትወጪ ዝቅ አድርገሽ፣ ስትወርጂ ከፍ አድርገሽ ትይዢዋለሽ። ጫፉ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ አለብስበታለሁ፣ ድንጋይ ላይ እንዳይንሸራተት። የምትሄጂበትን ጫማ አድርገሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚና ከመሬት እስከ ብብትሽ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ አስለኪ። እስከ ሐሙስ ደውለሽ ንገሪኝ፣ ቆርጬ ቅዳሜ በሚነሣው አውቶቡስ እልከዋለሁ።

ልጅሽ