ለአባዬ፦ ስለ ጥንቸሉና ስለ መጀመሪያ ጠመንጃዬ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራው ብዙ ነው፤ ጤናው ግን አለ።

ይህን የምጽፈው እህቴ ደውላ የነገረችኝን ሰምቼ ነው። "ጠመንጃ ሊገዛ ነው" የሚለው ወሬ ቤት ደርሶ እማዬ እንቅልፍ አጥታለች አሉ። አይፈረድባትም። በዚህ ሰዓት እኛ አገር ጠመንጃ ሲባል በሰው ልብ የሚመጣው ሌላ ነገር ነው። እኔ ግን ጠላት አላፈራሁም፤ ከማንም ጋር አልተጣላሁም። የምገዛው ለጥንቸል ነው። እርስዎም "ለጥንቸል ብሎ ይህን ያህል ገንዘብ?" ማለትዎን ሰምቻለሁ። ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ስለዚህ ምን እንደምገዛ፣ ለምን እንደምገዛና ስንት እንደመደብኩለት በዝርዝር ልንገርዎት። ደብዳቤውን የሚያነብልዎት ልጅ ቁጥሮቹ ላይ ረጋ ይበል።

የተከራየሁት መሬት እዚህ አውስትራሊያ ከሜልቦርን ከተማ ወደ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ፣ ባከስ ማርሽ የሚባለው አካባቢ ነው። በአትክልትና በፍራፍሬ የታወቀ አገር ነው። ጎመንና ቃሪያ እተክላለሁ። ሜልቦርን ውስጥ ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈር ያሉ የሐበሻ ሱቆች ይረከቡኛል። ጥንቸሉ ጎመኑን የሚፈጀው ገና ችግኝ እያለ ነው። ጠዋት ስደርስ መስመሩ ሙሉ ተበልቶ አገኘዋለሁ። ግንዱ ገደድ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ተቆርጧል። አጠገቡ አፈሩ ተጭሯል፤ ክብ ክብ ደረቅ በጠጥ ተበትኗል። ያንኑ መስመር እንደገና መትከል ነው እንግዲህ። ችግኙም ውሃውም ጉልበቱም ድጋሚ ይወጣል። እርስዎ ቡሬ በቆሎው እሸት ሲይዝ ከዝንጀሮና ከከርከሮ ጋር የሚያደርጉትን ትግል ያውቁታል። የኔም እሱው ነው፤ አውሬው ነው ያነሰው።

ጥንቸል የዚህ አገር እንስሳ አይደለም። በፈረንጆቹ 1859 ዓ.ም. ቶማስ ኦስቲን የሚባል ባለ ርስት፣ ለአደን ጨዋታ ብሎ 24 ያህል ጥንቸሎች ከእንግሊዝ አስመጣ። እዚሁ እኔ ባለሁበት የቪክቶሪያ ክልል ውስጥ፣ ዊንቸልሲ አጠገብ ባለው ባርዎን ፓርክ በሚባለው ርስቱ ለቀቃቸው። እናቲቱ አርግዛ የምትቆየው አንድ ወር ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ትወልዳለች። ልጆቿም በአራት ወራቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። በጥቂት አሥርት ዓመታት አገሩን አጥለቀለቁት። ምዕራብ አውስትራሊያ ከ1901 እስከ 1907 ድረስ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ አጥር ሠራ፤ አለፉት። በ1950 ሚክሶማቶሲስ የሚባል በሽታ ለቀቁባቸው። መጀመሪያ ላይ እንደ ቅጠል ረገፉ፤ በኋላ የተረፉት በሽታውን እየለመዱት መጡ። ይህን ሁሉ የምነግርዎት አንድ ጠመንጃ ይጨርሳቸዋል ብዬ እንደማላስብ እንዲያውቁ ነው። ዋናው ሥራ ጉድጓዳቸውን በማሽን አርሶ ማፍረስና ሽቦ ማጠር ነው። ሽቦው ሥሩ ወደ ውጭ ታጥፎ ካልተቀበረ በታች ቆፍረው ይገባሉ። ጉድጓዱን የመሬቱ ባለቤት አሳርሶታል። አጥሩን እኔ በግማሽ አድርሻለሁ። ጠመንጃው ከዚህ ሁሉ አምልጦ ችግኝ ላይ ለሚወጣው ነው።

አሁን ስለ ሕጉ። እማዬ የምትፈራው ነገር እዚህ በሕግ የተዘጋ መሆኑን ብታውቅ ደስ ይለኛል። በፈረንጆቹ 1996 ታዝማኒያ በሚባለው የአውስትራሊያ ደሴት ውስጥ ፖርት አርተር በተባለ ቦታ አንድ ሰው 35 ሰዎች ገደለ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ሕጉን አጠበቀ፤ ከ640,000 በላይ መሣሪያ ከሕዝብ ገዝቶ አስወገደ። ዛሬ ጠመንጃ የሚፈልግ ሰው በቂ ምክንያት ማቅረብ አለበት። "ራሴን ልከላከል" ማለት ምክንያት አይሆንም። አደን፣ ስፖርት፣ እርሻና ተባይ መከላከል ግን ይቀበላሉ። ኮርስ ተምረው ይፈተናሉ፤ ፖሊስ ያለፈ ታሪክዎን ያጣራል፤ ለጀማሪ ቢያንስ የ28 ቀን የመጠበቂያ ጊዜ አለ። ፈቃድ አገኘሁ ተብሎም ሱቅ ገብቶ መግዛት የለም። ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ሌላ የመግዣ ወረቀት ያስፈልጋል። እኔ የመሬቱ ባለቤት በጽሑፍ ፈቅዶልኝ፣ ኮርሱንም ጨርሼ ፈቃዱን ይዣለሁ። የቀረኝ የመግዣው ወረቀት ነው።

ምን ዓይነት እንደመረጥኩ ልንገርዎት። ሱቅ ሲገቡ ቀድመው የሚያሳዩዎት ትልልቁን ነው። ባለ .223 (ቁጥሩ የጥይቱን ውፍረት በኢንች የሚናገር ነው) ግሩም መሣሪያ ነው፤ ግን ለቀበሮና ከዚያ በላይ ላለ አውሬ ነው። ለጥንቸል ይበዛል፤ ድምፁ ጎረቤት ይረብሻል፤ ጥይቱም ውድ ነው። በፈረንጆቹ 2002 የወጣው ባለ .17 አለ። ፈጣን ነው፤ ከ100 ሜትር በላይም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መሬቴ ሰፊ ቢሆን እሱን እመርጥ ነበር። እኔ የምተኩስበት ርቀት ግን ቢበዛ 60 ሜትር ነው፤ የጥይቱ ዋጋ ደግሞ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። በአየር ግፊት የሚተኩሰውንም አስቤው ነበር። ጥይቱ ርካሽ ነው፤ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። እዚህ ክልል ግን እሱም ያንኑ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ30 እና 40 ሜትር ካለፈ ደግሞ አቅሙ ይደክማል። ወረቀቱ ከሆነ ያው ነው፤ ታዲያ ለምን?

ስለዚህ የመረጥኩት ባለ .22 ነው። ጥይቱ 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ እርሳሱ ሦስት ግራም አይሞላም። ከእርስዎ ምንሽር ጥይት አጠገብ ቢያስቀምጡት ይስቃሉ። ግን ለጥንቸል ከበቂ በላይ ነው። በእጅ እየተቀባበለ አንድ አንድ የሚተኩስ ነው። በራሱ የሚያቀባብለው ሌላ ምድብ ውስጥ ነው፤ ፈቃዱም ከባድ ነው፤ አያስፈልገኝምም። አንድ ጥይት ብቻ እንዳለዎት ሲያውቁ አነጣጥረው ነው የሚተኩሱት። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ማማው ላይ ስናድር "ጥይት ሳይሆን ዓይን ነው የሚገድል" ይሉኝ ነበር። ቀስ የሚለው ጥይት ደግሞ አለ። ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሆነ ጩኸቱ ይቀንሳል፤ አንዱ ሲመታ ሌሎቹ ቶሎ አይበረግጉም። ለኔ የሚሆነኝ እሱ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ የመደብኩት 1,500 ዶላር ነው፤ የአውስትራሊያ ዶላር። ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን ሁሉ ጠመንጃው ላይ ያፈስና ለቀሪው ይቸገራል። እኔ ከኋላ ጀመርኩ። ለኮርስ፣ ለፈቃድና ለወረቀት 300 አስቀመጥኩ። ጠመንጃው የሚቆለፍበት የብረት ሣጥን 350 ነው። ያለ ሣጥን ሕጉ አይፈቅድም። ከግድግዳና ከወለል ጋር በብሎን ይታሰራል፤ ጥይቱ ደግሞ ለብቻው ይቆለፋል። ጠመንጃው ላይ የሚጫነው የማነጣጠሪያ መነጽርና ማሰሪያው 230 ነው። ለመጀመሪያው ጥይት 100፤ 50 ጥይት ያለው ፓኮ እንደ ዓይነቱ ከ8 እስከ 15 ዶላር ነው። የጆሮ መከላከያና መወልወያ 70። ለራሱ ለጠመንጃው የተረፈው 450 ነው።

በ450 አዲስ ጥሩ ጠመንጃ አይገኝም። ሲዜድ ወይም ሩገር የሚባሉት ፋብሪካዎች አዲስ ጠመንጃ ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ያገለገለ ግን ይገኛል፤ በተለይ ብርኖ። ብርኖ የቼኮዝሎቫኪያ ሥራ ነው፤ እዚህ አገር ገበሬ ቤት ሞልቷል። እንግሊዞች ብሬን ያሉት መትረየስ ንድፉ የመጣው ከዚያው ከብርኖ ከተማ ነው፤ ስለዚህ ለእርስዎ እንግዳ አይደለም። አንዱን አይቼ ወድጄዋለሁ። ሰደፉ የዋልነት እንጨት ነው፤ እጅ የሚይዘው ቦታ በአገልግሎት ብዛት ጠቁሮ ለስልሷል። እኔን ያሳሰበኝ ግን መልኩ አይደለም። መቀባበያውን አውጥቼ በበርሜሉ ውስጥ ወደ ብርሃን አየሁ። ውስጡ ያበራል፤ ጠመዝማዛው መስመር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ዝገት የለም። የአፈሙዙን ጫፍ በጣቴ ዳሰስኩት፤ አልተሸረፈም። እዚያ ላይ ትንሽ ስብራት ካለ ጥይቱ አቅጣጫ ይስታል። ምላጩ ሲሳብ አይንቀጠቀጥም። የሰደፉ እንጨት ብሎኑ ሥር አልተሰነጠቀም። ከውጭ ትንሽ ተጭሯል፤ ጭረት ጥንቸል አያስመልጥም። ወረቀቱ እስኪወጣ ሻጩ ያስቀምጥልኛል።

ከገዛሁ በኋላ ቀጥታ ጥንቸል ላይ አልሄድም። መጀመሪያ ወረቀት ላይ በ50 ሜትር ማስተካከል አለብኝ። እንደዚህ ዓይነት ትንሽ ጥይት በ50 ሜትር ከተስተካከለ በ100 ሜትር ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ያንን የማያውቅ ሰው አውሬውን አቁስሎ ይለቃል። ይህ እኔ የማልወደው ነገር ነው። ተባይ ቢሆንም ነፍስ ነው፤ ከተመታ በአንዴ መሞት አለበት። ሌላው ደግሞ እያንዳንዱ በርሜል የሚወደው ጥይት አለ። ያው ጠመንጃ አንዱን ፋብሪካ ጥይት ሰብስቦ ያገባል፤ ሌላውን ይበትናል። ስለዚህ የጥይቱን 100 ዶላር በአንድ ዓይነት አልጨርሰውም፤ ከሦስት አራት ዓይነት ትንሽ ትንሽ ገዝቼ የሚስማማውን እለያለሁ።

ስለ አደጋው እማዬ ትጠይቃለች። ይህች ትንሽ ጥይት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ልትሄድ ትችላለች፤ ድንጋይና ውሃ ላይም ትነጥራለች። በስተ ምሥራቅ የጎረቤት ቤት አለ። ወደዚያ ፈጽሞ አልተኩስም። በምዕራብ በኩል ከመስኖው የወጣ የአፈር ክምር አለ፤ ከጀርባው አፈር የሌለውን ጥንቸል አልነካም፣ ያመልጥ። ጠመንጃው እስክተኩስ ድረስ ባዶ ነው። ካንጋሮና ሌላው የአገሩ እንስሳ ደግሞ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ አይነካም።

ሥጋውን ምን ታደርገዋለህ ብላ እማዬ እንደምትጠይቅም አውቃለሁ። እኔ አልበላም፤ ትረጋጋ። ጎረቤቴ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ በቲማቲምና በወይን ጠጅ ቀቅለው ይበሉታል። "የመጀመሪያውን ለኔ" ብለው ከወዲሁ ቀጠሮ ይዘዋል።

የቤቱን ነገር ደግሞ በግልጽ ልጻፈው። በየወሩ የምልከው ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ አይጓደልም። 1,500ው የወጣው ከቃሪያው ሽያጭ ለእርሻው ካስቀመጥኩት ነው። የማዳበሪያውን ብር ለወንድሜ እልካለሁ፤ ዋጋው ከጨመረ ሳያፍር ይንገረኝ። የታናሿን የትምህርት ቤት ክፍያም አልረሳሁም።

የመግዣው ወረቀት በመጪዎቹ ሳምንታት ይደርሳል ብዬ እጠብቃለሁ። ሲደርስ የጠመንጃውን ፎቶ ለእህቴ ስልክ እልካለሁ፤ እርስዎ በደንብ አይተው አስተያየትዎን ይንገሩኝ። መነጽሩን ሳልጭን በራሱ ማነጣጠሪያ መለማመድ ይሻለኛል ወይስ ከመጀመሪያው በመነጽር ልጀምር? በዚህ ላይ የእርስዎን ሐሳብ እፈልጋለሁ። ደግሞ ንገሩኝ፤ ከርከሮው ዘንድሮ በቆሎውን እንዴት አደረገው? ማማው ላይ የሚያድረው ማን ነው?

ለእማዬ፣ ለእህት ወንድሞቼ፣ ለክርስትና አባቴና ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

አክባሪ ልጅዎ