ሦስት ደረጃ ለማፍረስ እርዱን

ወገኖች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገራችሁ፣ ብር ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት።

እዚህ ድሬዳዋ ቅዳሜ ከሰዓት የምንሰበሰብ ትንሽ ክርስቲያናዊ ኅብረት ነን። ሰፈሩን አልጠራም፣ ምክንያቱ ይገባችኋል። ቃል እንማራለን፣ እንጸልያለን፣ ቡና እንጠጣለን። በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ፣ ማየት የተሳናቸው፣ መስማት የተሳናቸው አሉን። ትራንስጀንደር፣ ማለትም ሲወለዱ የተባሉት ጾታ ሌላ፣ ራሳቸውን የሚያውቁበት ጾታ ሌላ የሆኑም አሉን። ይቺን ቃል ስታዩ ማንበብ ለማቆም የዳዳችሁ ካላችሁ አልቀየማችሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም አቆም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በወንድሜ ነው። ከመኪና አደጋ በኋላ ከደረቱ በታች አይንቀሳቀስም። ይሄድበት የነበረው ጸሎት ቤት ደረጃ ስላለው አራት ወጣቶች ከነዊልቸሩ ተሸክመው ያስገቡት ነበር። ሰው ያንን እያየ "እንዴት ያለ ፍቅር ነው!" ይላል። እሱ ደግሞ መሀል ላይ ሽንቱ ቢመጣ እነዚያን አራት ልጆች ከየት ከየት እንደሚሰበስባቸው ያስባል። ስለዚህ እሁድ እሁድ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አይጠጣም። በድሬ ሙቀት! በወንጌል ሽባውን ተሸክመው ጣሪያ የቀደዱትን አራት ሰዎች ሁላችንም እንወዳቸዋለን፣ ግን በየሳምንቱ ጣሪያ ከመቅደድ አንድ ቀን በር ማስተካከል ይቀላል።

ሌላም ነገር አለ። እንግዳ ሰባኪ በመጣ ቁጥር ወንድሜን ወደ ፊት ያወጡታል። እጅ ይጭኑበታል፣ "ተነሣ!" ይሉታል። ሳይነሣ ሲቀር ጥፋቱ የእምነቱ ይሆናል። አንድ ቀን ታዲያ ከጎኑ አንዲት ልጅ ቆማለች። ወንድ ተብላ ያደገች፣ ራሷን ግን ሴት ብላ የምታውቅ ልጅ ናት። እሷን ደግሞ ጋኔን አለባት ብለው "ውጣ!" እያሉ ነው። ጸሎቱ አለቀ፣ ሁለቱም እንደነበሩ ናቸው። ወንድሜ ዞር ብሎ፣ "አንቺስ፣ ዛሬም አልሆነልሽም?" አላት። ሳቁ። ላብ በላብ ሆነው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ኅብረታችን ከዚያ ሳቅ ተወለደ ብል አልዋሸሁም።

ፈውስን አንቃወምም፣ የሚጸልይለት የሚፈልግ ሰው ይጸለይለታል። ግን ማንም ሰው ከመካከላችን ለመቀመጥ መጀመሪያ መፈወስ የለበትም።

"ይሄን ከየት አመጣችሁት?" ለሚሉን፣ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8። በኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የማይኮራ ክርስቲያን አገራችን ውስጥ አላውቅም። የንግሥት ህንደኬ ባለሟል፣ የግምጃ ቤቷ ኃላፊ፣ በሠረገላ እየሄደ ኢሳይያስን የሚያነብ። ግን ጃንደረባ የሚለውን ቃል እንደ ማዕረግ ስም ቶሎ እናልፈዋለን፣ የተሰለበ ወንድ ማለት ነው። ዘዳግም 23 እንዲህ ያለውን ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይላል። ኢሳይያስ 56 ደግሞ ጃንደረባው "እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ አይበል" ብሎ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም ይሰጠዋል። ጃንደረባ ሁሉ ትራንስጀንደር ነው እያልኩ አይደለም። ግን ሰውየው ውሃ ሲያይ የሚከለክለኝ ምንድር ነው ብሎ ሲጠይቅ ፊልጶስ በር ላይ አላቆመውም፣ አብሮት ወረደ። ያቺ ልጅ መታወቂያዋ ሌላ ስም ይላል። እኛ ጋ የምትጠራው በነገረችን ስም ነው።

ወደ ብሩ ልምጣ። የተከራየነው ቤት መግቢያው ላይ ሦስት ደረጃ አለው፣ ባንድ ላይ 45 ሳንቲሜትር። ለዊልቸር የሚሆን መወጣጫ ለእያንዳንዱ ሳንቲሜትር ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት ይፈልጋል፣ ስለዚህ 5 ሜትር ከ40 ያስፈልገናል። ግቢው ግን ከበሩ እስከ አጥሩ 4 ሜትር ብቻ ነው። መታጠፍ አለበት፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ዊልቸር የሚዞርበት ሰፋ ያለ ቦታ። መጀመሪያ አንዱ ወዳጃችን በጣውላ ሠርቶልን ነበር፣ አቦ፣ ቁልቁለቱ ወንድሜን ቀጥታ አጥሩ ላይ ነው የወረወረው።

ሁለተኛው ሽንት ቤት ነው። አሁን ያለው ቁጢጥ የሚባልበት ነው፣ በሩም ጠባብ። የምንፈልገው ስፋቱ 90 ሳንቲሜትር የሆነ በር፣ ቁጭ የሚባልበት መቀመጫ፣ ግድግዳው ላይ መደገፊያ ብረት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ። በሩ ላይ ወንድ ወይም ሴት የሚል አይጻፍበትም። ይሄ ለትራንስጀንደር ወገኖቻችን ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ እህቱ ወንድሜን ሳግዝ በየትኛው በር ነው የምገባው?

ቬንትሌተርም፣ የአየር ማራገቢያው ማለቴ ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። አንድ ሰው "ቅንጦት ነው" ብሎኛል። አከርካሪው ከላይ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች እንደ ልቡ አያልበውም፣ ስለዚህ ሰውነቱ ራሱን አያቀዘቅዝም። ሰኔ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይሄ አደገኛ ነው። ከዚህ ውጭ የምልክት ቋንቋ ለምታስተረጉምልን እህት የትራንስፖርት እንከፍላለን፣ እስካሁን በነፃ ነው የምትመላለሰው።

የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሕንፃ ለዊልቸር የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። የኛ ቤት መኖሪያ ስለሆነ ማንም አያስገድደንም። አከራያችን ግን ማፍረሱን በጽሑፍ ፈቅደዋል፣ እግዜር ይስጣቸው፣ "እኔም ጉልበቴ እንቢ ብሏል" ነው ያሉት።

ጠቅላላ ወጪው 190 ሺህ ብር ነው። 47 ሺህ በእጃችን አለ፣ ቡና ስንጠጣ ብር ከምንጥልባት ሳጥን የተጠራቀመ። አካውንቱን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀን እንልካለን። ደረሰኝ ሁሉ ይላክላችኋል። የአባላትን ፎቶና ስም ግን ለማንም አንልክም፣ መቶ ሺህ ብትሰጡም አንልክም። እኛንም ፎቶ አታንሱን።

ድሬ ሰውን ከየት ነህ ሳትል ነው የምታስቀምጠው ይባላል። ባቡሩ ያመጣውን ሁሉ ተቀብላ ያደገች ከተማ ናት፣ እኔም እዚሁ ተወልጄ በዚያ እኮራለሁ። ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ግን ደቻቱን፣ ያንን አሸዋማ ደረቅ ወንዝ፣ በዊልቸር መሻገር ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ወንድሜን አሸዋው ውስጥ ጎማው ሰምጦ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ስንጎትተው ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብናል።

ብር የሌላችሁ ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ የመደገፊያ ብረት፣ የአንድ ቀን ጉልበት ስጡን። ግንበኛው ማክሰኞ ይጀምራል። አሸዋ ብቻ አታምጡ፣ ከዊልቸሩ ጎማ የወጣው ይበቃናል።