ሠላሳ ሦስት ዓመት የጠበቀው አልጋ ወራሽ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ስንት ዘመናችን! ሥራው፣ ቤት መቀያየሩ፣ የኑሮው ሩጫ ሲደራረብ ዓመታቱ እንዲሁ ነጎዱ። ሰሞኑን ግን አንድ ታሪክ ያዘኝና እንቅልፍ ነሳኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ከአንተ ጋር ካልሆነ ከማን ጋር አወራዋለሁ?

ስለ ቤተ መንግሥት ሴራ ስንከራከር አንተ ሁልጊዜ «መጀመሪያ ተንኮለኛውን ፈልግ» ትል ነበር። እሱ ከተገኘ የቀረው ይፈታል ባይ ነህ። እኔ ደግሞ የቻይናውን ንጉሠ ነገሥት የካንግሺንና የልጆቹን ታሪክ ሳነብ ከረምኩ። ሁሉም በሚያሴርበት በዚያ ቤት ውስጥ ያንን አንድ ተንኮለኛ ፈልጌ አጣሁት። ያገኘሁት ልጁን ከመጠን በላይ የሚወድ አባት ነው። ነገሩ የተበላሸውም ከዚያ ይመስለኛል።

ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ። ካንግሺ በ1661 ሲነግሥ ገና 7 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። 61 ዓመት ገዛ፤ ከቻይና ነገሥታት ይህን ያህል ዙፋን ላይ የቆየ የለም። በ1674 እቴጌይቱ ወንድ ልጅ ወለደችና በዚያው ቀን ሞተች። በዓመቱ ካንግሺ ያንን እናት አልባ ጨቅላ አልጋ ወራሽ አደረገው። ስሙ ይንረንግ ነው። ካንግሺ ማንቹ ነው፣ ከሰሜን መጥቶ ቻይናን ከያዘው ሕዝብ፤ ማንቹዎች ደግሞ አልጋ ወራሽን ከሕፃንነቱ በአዋጅ የመሰየም ልማድ አልነበራቸውም። ልማዱን የወሰደው ከሚገዛቸው ቻይናውያን ነው።

ልጁን ራሱ ማንበብ አስተማረው። በ1696 ሞንጎሊያ ድረስ ሲዘምት ቤጂንግን ለእሱ አደራ ሰጥቶ ሄደ። ከዘመቻዎቹ ላይ የጻፈለት ነገር አንጀቴን በላው። የለበስካቸውን አሮጌ ልብሶችህን ላክልኝ፣ ስትናፍቀኝ እለብሳቸዋለሁ ይለዋል። አባትና ልጅ እንዲህ ነበሩ።

ግን አልጋ ወራሽ ብቻውን አይቆምም። ነገን የሚያሰላ ሹም ሁሉ ዙሪያውን ይከበዋል። የእናቱ አጎት ሶንጎቱ የዚህ ጎራ አውራ ሆነ። ከቁባት የተወለደው የበኩር ልጅ ደግሞ የሌላው ጎራ ተስፋ ሆነ። ካንግሺ ጠረጠረ። በ1703 ሶንጎቱን አሰረው፤ ሰውየው እዚያው እስር ላይ ሞተ። ጥርጣሬው ግን አብሮት አልተቀበረም። ልጄ የሶንጎቱን ደም ሊመልስብኝ ይፈልጋል ያለው ካንግሺ ራሱ ነው።

አሁን ወደ 1708 ልውሰድህ። ንጉሡ ከታላቁ ግንብ በስተሰሜን አደን ወጥቷል። ልጆቹም አብረውት ናቸው። ትንሹ፣ አሥራ ስምንተኛው፣ ታመመና ሞተ። አባት ሲያለቅስ አልጋ ወራሹ ላይ ሐዘን አልታየም ተባለ። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ይንረንግ ወደ አባቱ ድንኳን እየተጠጋ በስንጥቁ ወደ ውስጥ ያይ ነበር። ካንግሺ መኳንንቱን ሰበሰበ። ልጁን በፊታቸው አንበርክኮ ሻረው። ዛሬ ልመረዝ፣ ነገ ልገደል አላውቅም፤ ቀንም ሌሊትም እረፍት አጣሁ አለ። ተናግሮ ሲጨርስ እያለቀሰ መሬት ላይ ወደቀ።

ከዚያ ስንጥቅ መላቀቅ አቃተኝ። ይንረንግ ምን ፈልጎ ነበር የሚያየው? ሊገድለው? ወይስ አባቱ ገና እንደተቆጣ መሆኑን ሊያይ? 33 ዓመት አልጋ ወራሽ ሆኖ ኖሯል። «አርባ ዓመት ሙሉ አልጋ ወራሽ የሆነ ሰው በዓለም ታይቷል ወይ?» ብሎ አማረረ የሚል ወሬ በኮሪያ መዝገብ ሰፍሯል። እኔ ይህ ሰው የሚያሴር ሳይሆን የሚፈራ ሰው ይመስለኛል። አባትየውም ይፈራል። ሁለቱ በአንድ ሸራ ግራና ቀኝ ቆመው ይፈራራሉ።

ከዚያ ወንድማማቾቹ ተነሱበት። በኩሩ አባቱ ዘንድ ቀርቦ፣ ይንረንግ እንዲሞት ከፈለግህ በአንተ እጅ መሆን የለበትም አለ። ካንግሺ ደነገጠ። ወዲያው ሦስተኛው ልጅ ሌላ ጉድ አወጣ፦ በኩሩ በሞንጎል ላማ፣ ማለትም በቡድሃ መነኩሴ፣ በይንረንግ ላይ መተት አሠርቷል አለ። ተቆፈረ፤ የተቀበረው ነገር ተገኘ። በኩሩ ማዕረጉን ተገፎ እስኪሞት ድረስ በዘበኛ ተጠበቀ። አባትየው ግን እፎይ ያለ ይመስላል። ልጄን እንዲህ ያደረገው መተት ነው ብሎ በ1709 ይንረንግን መለሰው። በ1712 እንደገና ሻረው፤ ያ የመጨረሻው ሆነ።

በመካከል የሆነውን ሳልነግርህ አላልፍም። ካንግሺ ሹማምንቱን ሰብስቦ ከልጆቼ ማንን ትመርጣላችሁ፣ የመረጣችሁትን እቀበላለሁ አላቸው። ስምንተኛውን፣ ይንሲን መረጡ። ለሰው ቅን፣ በሁሉም የተወደደ ልዑል ነበር። ካንግሺ ራሱ ጠይቆ በመልሱ ተቆጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይንሲ መወደዱ ወንጀል ሆነበት።

በ1714 የሆነው ደግሞ ልብ ይሰብራል። ይንሲ የእናቱን ሙት ዓመት ሊያስብ ሄዶ ከአባቱ ጉዞ ቀረ። ለአባቱ ሁለት ጭልፊቶች በጃንደረባ ላከ። ጭልፊቶቹ ንጉሡ ፊት ሲቀርቡ ሊሞቱ የሚያጣጥሩ ነበሩ። ካንግሺ ልጁ «ሽማግሌ ነህ፣ ልትሞት ነው» ያለው መሰለው። በሰው ፊት ሰደበው፤ ሙት ዓመቷ የሚታሰብላትን እናቱን ሳይቀር ዝቅተኛ ገረድ ብሎ አዋረዳት። የአባትና የልጅነት ነገር ከዛሬ ጀምሮ ተቆርጧል አለው። ወፎቹ በመንገድ ታመው ይሆን፣ ሰው ለውጧቸው ይሆን፣ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ይንሲ ሆን ብሎ ላከ ለማለት ይከብደኛል። ዙፋን የሚመኝ ሰው በገዛ እጁ እንዲህ አይሠራም።

ካንግሺ ታኅሣሥ 20 ቀን 1722 ከቤጂንግ ወጣ ብሎ ባለው የአትክልት ቤተ መንግሥቱ ሞተ። የከተማዋ ዘበኛ ጦር አዛዥ ሎንግኮዶ ኑዛዜውን ተናገረ፦ የሚነግሠው አራተኛው ልጅ ነው። ብዙዎች የጠበቁት አሥራ አራተኛው በምዕራብ ግንባር ጦር እየመራ ነበር። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ልብ በል። እናትየው አንዱ ልጇ ነግሦ ሌላው ተዋርዶ አየች። ለእቴጌ እናትነት የቀረበላትን የክብር ስም ሳትቀበል ባሏ በሞተ በመንፈቁ አረፈች።

አራተኛው ዮንግዠንግ ተብሎ ነገሠ። ይንሲን የቤተሰብ ስም ነሥቶ በውርደት ስም ጠራው፤ በ1726 እስር ላይ ሞተ። ዘጠነኛውም እንዲሁ። አሥራ አራተኛውን የአባቱን መቃብር እንዲጠብቅ አደረገው፤ በኋላም አሰረው። ውለታ የዋሉለትም አልተረፉም። በምዕራብ ለጦሩ ስንቅ የሚልከውን መስመር የያዘለት ኒያን ገንግያው 92 ክስ ተቆጥሮበት ራሱን እንዲገድል ታዘዘ። ሎንግኮዶ 41 ክስ ቀርቦበት እስር ላይ ሞተ። ወዳጅ ሆኖ የዘለቀው አሥራ ሦስተኛው ወንድም ነው፤ እሱንም በ1730 ሞት ወሰደው።

ሐሜቱ ግን ንጉሡን አለቀቀውም። በ1728 አንድ የገጠር መምህር «ንጉሡ አባቱን ገድሏል፣ ወንድሞቹን ፈጅቷል» የሚል ክስ ጻፈበት። ዮንግዠንግ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሰውየውን ማረው። ክሱንና የራሱን መልስ አንድ ላይ አሳትሞ በአገሩ አሰራጨ። ልጁ ሲነግሥ መጽሐፉን ሰበሰበ፣ ምሕረት ያገኘውንም ሰው ገደለው።

ዮንግዠንግ ከአባቱ የተማረው አንድ ነገር ይታየኛል። አልጋ ወራሽ አላወጀም። በ1723 ስሙን ጽፎ፣ አሽጎ፣ በሳጥን ውስጥ ከዙፋኑ በላይ ከተሰቀለው ሰሌዳ ጀርባ አስቀመጠው። ሳጥኑ በ1735 ሲከፈት ልጁ ቺያንሎንግ ነገሠ፤ ወንድም ወንድሙን ሳያሳድድ። ሹማምንት ማን ዙሪያ ይሰብሰቡ? በማን ላይ ይመተት? ያንን ስም የጻፈው ሰው ያንን ሁሉ በሥጋው ያየ ነው።

አሁን የምጠይቅህ ይህንን ነው። አባትየው በእርግጥ አራተኛውን መርጦ ነበር ወይ? እኔ መርጧል ባይ ነኝ። አሥራ አራተኛው በ1721 መጨረሻ ቤጂንግ ተመልሶ ነበር። ካንግሺ አርጅቷል፣ ታሟል፤ ሆኖም በ1722 ወደ ግንባር መልሶ ላከው። ሊያወርሰው ያሰበውን ልጅ እንዲህ ባለ ጊዜ ያን ያህል ያርቀዋል? አንተ ደግሞ ያን ትልቅ ጦር ለማያምነው ልጅ አይሰጥም እንደምትለኝ አውቃለሁ። እሱም ያስኬዳል፤ ለዚያ ነው ሙግትህን የምፈልገው። ሳትቆይ ጻፍልኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወዳጅህ