የጣና ዳር ባለይዞታዎች በግንብ ፈንታ ደንገል እንዲተክሉ ይፈቀድ

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር
ባሕር ዳር፣ ጎጃም

የተከበራችሁ የአስተዳደሩ ኃላፊዎች፣

ከሐይቁ ጋር የሚዋሰኑ ሆቴሎች፣ መዝናኛዎችና መኖሪያ ቤቶች ዳሩ ሲናድባቸው ቀድሞ የሚታያቸው የድንጋይ ግንብ ነው። እኛ በሐይቅ ዳር አፈርና ዕፅዋት ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ግንቡ አፈሩን ለምን እንደማይዝና በምትኩ ደንገል (ፓፒረስ)፣ ያ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ረጅም የውሃ ዳር ተክል፣ እንዴት ሊተከል እንደሚገባ በዝርዝር እናቀርባለን።

ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም። ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉ የሥሩን ደለል እያማሰ ይመጣል። ቀጥ ያለ ግንብ ሲመታ ጉልበቱ አይሞትም፤ ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከፊሉ ቁልቁል ወርዶ የግንቡን እግር ይቦረቡራል። ግንቦት ላይ ውሃው ሲሸሽ እንዲህ ካለ ግንብ ሥር ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው እጅ እስከ ክርን የሚያስገባ ክፍተት ያገኛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስንጥቅ በሲሚንቶ ቢለሰን ለውጥ የለውም። በጫፉ በኩል ደግሞ ማዕበሉ ታጥፎ የጎረቤትን አፈር ይበላል፤ ጎረቤትም ተገዶ ግንብ ይሠራል። ቀረሶና አምባዛ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉበት ጥልቀት የሌለው ረግረግም አብሮ ይጠፋል።

ሥራው ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ውሃው ዝቅ ባለበት ወቅት ይጀመር። ግንቡ ይነሳና ዳሩ ይስተካከላል፤ ለ1 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 5 ሜትር አግድም ያስፈልጋል። ድንጋዩ መጣል የለበትም፤ ትልልቁ ያለ ሲሚንቶ ከተዳፋቱ ግርጌ ቢደረደር የማዕበሉን ጉልበት ይሰብራል። ከውጭ ቀይ አፈር አምጥቶ መሙላት ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ በመጀመሪያው ክረምት ታጥቦ ሐይቅ ይገባል።

ብዙ የደንገል ተከላ የሚከሽፈው በቦታ ምርጫ ነው። ሰው የሰኔን ውሃ አይቶ እዚያው ጠርዙ ላይ ይተክላል። ሐይቁ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም 1 ሜትር ከግማሽ ያህል ከፍ ስለሚል ችግኙ ሙሉ በሙሉ ይሰጥማል፤ ግንዱ ከውሃ በላይ ካልታየ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። በጣም ወደ ላይ ከተተከለም በበጋ ይደርቃል። ትክክለኛው ቦታ መስከረም ላይ ውሃው ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርስበት ነው። ተከላው አፈሩ ሲርስ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይሁን። የመጀመሪያው በጋ ላይ፣ ከጥር እስከ ግንቦት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ውሃ ይጠጣ።

ለ20 ሜትር ዳር 60 የደንገል ሥር ይበቃል፤ ሦስት ረድፍ፣ በረድፎቹ መካከል 50 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎቹ መካከል 1 ሜትር። የሚሞተውን ለመተካት 15 ተጨማሪ ይያዝ። ጥሩ ሥር የእጅ አንጓ የሚያህል ውፍረት አለው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቡቃያ ያወጣ ሲሆን፣ ግንዱ 1 ሜትር ላይ ይቆረጣል። ሥሩ የሚወሰደው ከነባሩ ደንገል መካከል እየተቆጠበ እንጂ ማዕበል ከሚመታው ጠርዝ አይሁን፤ ጠርዙ ከተነካ አዲስ ዳር ለማዳን ነባሩን አፈረስን ማለት ነው። ለታንኳ የሚታጨደውም ከሥሩ ሳይነቀል ከውሃ በላይ ይቆረጥ።

ከደንገሉ ፊት፣ መስከረም ላይ ውሃው 1 ሜትር በሚደርስበት፣ የቀርከሃ አጥር ይተከላል። ለ20 ሜትር በየ50 ሳንቲ ሜትሩ 41 ቀርከሃ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ 2 ሜትር ከግማሽ፣ 1 ሜትሩ ጭቃ ውስጥ የሚቀበር። በመካከሉ ቅርንጫፍ ይጎነጎንና ለዓሣ መተላለፊያ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ክፍት ይተው። አጥሩ እምቦጭ የተባለውን ተንሳፋፊ አረምም ያግዳል። ያም ሆኖ ሾልኮ የሚገባ አይጠፋምና በየሳምንቱ በእጅ ይለቀም። ከውሃው ከፍተኛ መስመር በላይ ርቆ ይጣል፤ ዘሩ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያልና ለጉዝጓዝ አይዋል። ከብት ለሁለት ዓመት አይግባ።

ከደንገሉ በላይ ፊላና ቄጠማ፣ ከዚያ ቬቲቨር ሣር በየ15 ሳንቲ ሜትሩ፣ ከከፍተኛው መስመር ባሻገር ዶቅማና ዋንዛ። ባሕር ዛፍ በፍጹም። አገር በቀል ዛፍ እስከ ውሃው የወረደበት ዳር ምን እንደሚመስል በሐይቁ ባሕረ ገብ መሬት፣ ዘጌ ላይ ይታያል።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አዲስ ግንብ በሐይቁ ዳር አይፈቀድ። ነባሩን አፍርሶ ለመትከል የሚጠይቅ ባለይዞታ እስከ የካቲት መጨረሻ መልሱን ያግኝ፤ ፈቃዱ ወደ ክረምት ከተጎተተ ተዳፋቱ ሳይስተካከል ውሃ ይቀድመዋል፣ ዓመቱም ይባክናል። ፈቃድ የወሰደም የሦስት ዓመት እንክብካቤ ግዴታ ይግባ፤ በአንድ ክረምት የጸደቀ ደንገል ገና ሥር አልያዘም። ከሁሉ በፊት ግን መስከረም ላይ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ የውሃው ከፍተኛ መስመር በየይዞታው በችካል ምልክት ይደረግበት። ያ ችካል ከሌለ የተከላውን ቦታ በትክክል መለካት አይቻልም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሐይቅ ዳር አፈርና ዕፅዋት ባለሙያዎች